መልቀቂያ ከማስገባቴ በፊት የጠየቅሁትና የተመለሰልኝ

የመነሻ ጽሑፍ

በአዲስ አበባ በሚገኝ አንድ የግል መድን ድርጅት ሒሳብ ክፍል ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ከአራት ወር ሆኖኛል። ሥራዬ ክፍያ ማዘጋጀት ነው፤ ከየክፍሉ የሚመጣውን የክፍያ ጥያቄ ከውሉ፣ ከደረሰኙና ከርክክብ ሰነዱ ጋር አመሳክሬ ለፊርማ አቀርባለሁ። ደመወዜ በጊዜው ይገባል፤ የቅርብ አለቃዬም ቅን ሰው ናቸው። ስለዚህ ተበድዬ የምሸሽ አድርጋችሁ እንዳታዩኝ እለምናለሁ። ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ተኩል የምሠራው ሥራ በማን ሕይወት ውስጥ ምን እንደሚጨምር ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ፈልጌ አላገኘሁትም፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት የምሠራው ግን ወዴት እንደሚሄድ አውቀዋለሁ። ማታ የምሠራው ሥዕል ነው። ባለፉት ሦስት ዓመታት ለስድስት የሕፃናት መጻሕፍት ሥዕል፣ ለአሥራ አራት መጻሕፍት ደግሞ የሽፋን ንድፍ ሠርቻለሁ። ባለፈው ዓመት ከዚህ ያገኘሁት ገቢ ከዓመቱ ደመወዜ አንድ ሦስተኛ ገደማ ነበር፤ እሱም የተገኘው ከእንቅልፌ በተቀነሰ ሰዓት ነው።

ዕድሜዬ 34 ነው፤ አላገባሁም፤ በኪራይ ቤት እኖራለሁ፤ በየወሩ ለእናቴ እልካለሁ። ቢሮውን ለቅቄ ሙሉ ቀኔን ለሥዕል ለመስጠት አስቤያለሁ። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ከመልቀቄ በፊት የስንት ወር ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ በእጄ ሊኖር ይገባል? ይህን መንገድ የሄደበት ሰው ከነቁጥሩ ቢነግረኝ ትልቅ ውለታ ይሆንልኛል።

ከዚህ በታች ያለው በአንድ ሳምንት ውስጥ የተሰጡት ምላሾች ናቸው። ከእኔ በኋላ ተመሳሳይ ጥያቄ ይዞ ለሚመጣ ሰው እንዲጠቅሙ ብዬ ሐሳባቸውን በራሴ አነጋገር አስፍሬዋለሁ።

ምላሽ 1

የመጀመሪያዋ መላሽ ባንክ ለቀው ወደ ትርጉም ሥራ ከገቡ ሰባት ዓመት የሆናቸው ሴት ናቸው። በጨዋነትና በዝርዝር መለሱልኝ። ስድስት ወር ይበቃል ባይ ናቸው፤ ነገር ግን የሚቆጠረው ደመወዝ መሆን የለበትም፣ ወጪ ነው ይላሉ፤ ሰው ደመወዙን በስድስት ሲያባዛ ታክሲውን፣ የቢሮ ምሳውንና የሥራ ልብሱን አብሮ ያባዛል። በወጪው ዝርዝር ውስጥ ደግሞ ሰዎች የሚረሱትን እድርና እቁብ እንዳካትት አሳሰቡኝ። በተለይ እቁብ ገና ያልደረሳት ሴት ዕጣው ሳይወጣላት ደመወዟን ብታቋርጥ የሚከተለውን ጭንቀት ከራሳቸው ሕይወት ነገሩኝ፤ አሥር ወር ሙሉ ከተጠራቀመው ገንዘብ እየነቀሉ እቁብ ጥለዋል።

ምላሽ 2 እና 3

ሁለተኛው ጸሐፊ በአንደኛዋ ሐሳብ ተስማምተው ቁጥሩን ግን ወደ አሥራ ሁለት ወር ከፍ አደረጉት። የሥልጠና መጽሔቶችንና ዓመታዊ ሪፖርቶችን የሚያሰናዱ አርታኢ ናቸው። ከቢሮ የወጡት በግንቦት መጨረሻ ነበር፤ እጃቸው ላይ በነበረው ሥራ ብዛት ተደፋፍረው ወጡ፤ ሐምሌ ሲገባ ስልካቸው ዝም አለ፤ ነሐሴ ላይም ዝም እንዳለ ነበር፤ መስከረም ሲጠባ የልጆቻቸውን የትምህርት ቤት ክፍያ ከዘመድ ተበድረው ከፈሉ።

ሦስተኛዋ የዚህን ምክንያት አስረዱ። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ይዘጋል። ስለዚህ መሥሪያ ቤቶች ያልተጠቀሙበትን በጀት ለመጨረስ በግንቦትና በሰኔ ሥራ ያጣድፋሉ፤ ከሐምሌ በኋላ ደግሞ አዲሱ በጀት ተከፋፍሎ እስኪደርስ ድረስ ማንም አዲስ ውል አይፈርምም። በፈረንጆች የዘመን አቆጣጠር የሚመሩ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ግን ጥድፊያቸው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። እንግዲህ መልቀቅ የፈለገ ሰው በጥር ወይም በየካቲት ቢለቅ፣ ራሱን አስተዋውቆ፣ የመጀመሪያ ሥራውን አስረክቦ የግንቦትን ጥድፊያ በሙሉ ሰዓቱ ያገኘዋል። ይህን ሳነብ በጣም ተገረምሁ፤ የበጀት መዝጊያውን ጥድፊያ በየዓመቱ በእጄ አሳልፋለሁ፤ ከጠረጴዛው ማዶ ለተቀመጠው ሰው የረሃብና የጥጋብ ወቅት መሆኑን ግን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም።

ምላሽ 4 እና 5

አራተኛው ሕጉ ምን ይላል ብለው በአጭሩ ጠየቁ፤ አምስተኛው፣ በጠበቃነት የሚሠሩ ሰው፣ መለሱ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ በፈቃዱ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ያልተወሰደ የዓመት ዕረፍት በገንዘብ ተተምኖ ይከፈላል። ዕረፍቱ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ሲሆን በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ስለሚጨመርበት እንደ እኔ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ ሰው 20 ቀን ይደርሳል። ቀሪ ክፍያም ውሉ ከተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ሊፈጸም ይገባል። የሥራ ልምድ ማስረጃ መጠየቅ መብት ነው። ጠበቃው በመጨረሻ አንድ ነገር አከሉ፦ ድርጅቱ በራሱ ወጪ አሠልጥኖኝ ይህን ያህል ዓመት አገለግላለሁ የሚል ውል ፈርሜ እንደሆነ የግል ማህደሬን አስወጥቼ እንዳይ። ፈርሜ ኖሯል፤ ጊዜው ግን ከሁለት ዓመት በፊት አልፏል።

ምላሽ 6 እና 7

እነዚህ ሁለቱ እኔ ከቶ ያልቆጠርኩትን ዕዳ አስታወሱኝ። ስድስተኛው መላሽ ለአክስታቸው ልጅ የሥራ ዋስ ሆነው ነበር፤ ዋስትናው የቆመው በቋሚ ደመወዛቸው ላይ ነውና ሥራ በለቀቁ በወሩ የልጁ ቀጣሪ ሌላ ዋስ እንዲያመጣ በደብዳቤ ጠየቀው። ነገሩ ከቢሮ ወጥቶ የቤተ ዘመድ ጉዳይ ሆነ፤ የአክስትየው ቤት ለሁለት በዓል ያህል ተኮራርፎ ከረመ። ሰባተኛዋ ደግሞ በሠራተኛ ወለድ የተወሰደ ብድር ሠራተኛው ሲለቅ ወደ ገበያው ወለድ እንደሚዞርና ወርኃዊ ክፍያው እንደሚያድግ፣ አንዳንድ ቀጣሪዎችም ቀሪውን በአንድ ጊዜ ክፈሉ እንደሚሉ ጻፉ። እኔ የቤት ብድር የለብኝም፤ ዋስትና ግን ለሁለት ሰው ፈርሜያለሁ፤ አንዱ ወንድሜ ነው፣ ሌላዋ የጎረቤታችን ልጅ ናት። ከመልቀቄ በፊት ለሁለቱም መንገር የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በእኔ ስም ሥራ ያገኙ ሰዎች ናቸው።

ምላሽ 8 እስከ 10

እዚህ ላይ ድምፁ ተቀየረ። ስምንተኛው የ27 ዓመት የግራፊክስ ባለሙያ ነው፤ እስካሁን የተጻፈው ሁሉ የፍርሃት ሒሳብ ነው ብሎ ተቆጣ። እሱ ከማስታወቂያ ድርጅት የወጣው አንድ ሳንቲም ሳያስቀምጥ እንደሆነ፣ ወር የሚቆጥር ሰው ወር ሲቆጥር ጡረታ እንደሚወጣ ጻፈ። ዘጠነኛዋ አልታገሡትም፤ የሚኖረው በማን ቤት እንደሆነና ምሳውን ማን እንደሚያቀርብለት ጠየቁት፤ በወላጆቹ ገበታ የሚበላ ሰው የኪራይ ቤት ሴትን ሊመክር አይገባም አሉ። አሥረኛው ምላሽ ያው ወጣት ነው፤ በወላጆቹ ቤት እንደሚኖር አልካደም፤ ነገር ግን ደፍሮ የወጣበት ጊዜ ደንበኛ ፍለጋን ያስተማረው ጊዜ እንደሆነ፣ በቂ ገንዘብ ይዞ ቢሆን ኖሮ ሦስት ወር ተኝቶ ያሳልፍ እንደነበር ተከራከረ። ከቁጣው ጀርባ እውነት አለ፤ ሆኖም የእናቴን ወርኃዊ ገንዘብ ለድፍረት ትምህርት ቤት መክፈያ ላደርገው አልችልም።

ምላሽ 11 እስከ 13

አሥራ አንደኛው አከራዮች የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ስለሚጠይቁ ያንን ለብቻው አስቀምጪ አሉ። አሥራ ሁለተኛዋ የ2016ቱን የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ጠቅሰው አረሙ፤ በአዋጁ መሠረት ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም፣ ውሉም ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም። አሥራ ሦስተኛው ሁለቱንም አስታረቁ፦ ሕጉ እንዲህ ነው፤ የሚጠቅመው ግን ውሉን ያስመዘገበን ሰው ነውና መልቀቂያ ከማስገባቴ በፊት ኪራዬ በወረዳው መመዝገቡን ላረጋግጥ። ተመዝግቧል።

ምላሽ 14

ከሁሉም ምላሾች ያላስተኛኝ ይህ ነው። የጻፉት ፎቶግራፍ አንሺ ናቸው። የመነሻ ጽሑፌን አንብበው፣ ሥራዬ ክፍያ ማዘጋጀት መሆኑን ስነግራቸው እንዳልሰሙ ሆነው ማለፍ እንዳልቻሉ ገለጹ። ስሙን ባልጠቀሱት ድርጅት ለዓመታዊ ሪፖርት የተነሡ ፎቶግራፎችን በሰዓቱ አስረክበው ገንዘባቸውን ያገኙት ከአምስት ወር በኋላ ነው። በእነዚያ አምስት ወራት ሒሳብ ክፍል በሄዱ ቁጥር አንዴ ፈራሚው የሉም፣ አንዴ በጀቱ ከሌላ ክፍል አልተዛወረም፣ አንዴ ደረሰኙ ላይ የአንድ ፊደል ስሕተት አለ ተብለዋል። ሪፖርቱ ግን በእርሳቸው ፎቶግራፍ አሸብርቆ በሁለተኛው ሳምንት ተሠራጭቷል። በመካከሉ ሌንሳቸውን ሸጠው የቤት ኪራይ ከፍለዋል። እኔን የጠየቁኝ በቀጥታ ነው፦ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የስንቱን ሰው ወረቀት በመሳቢያዬ አሳድሬያለሁ? እኔ ወደ እነሱ ጎራ ስሻገር እኔን የመሰለች ሴት ከመስኮቱ ማዶ ስትጠብቀኝ ምን ልላት አስቤያለሁ?

ምላሽ 15

ይህ የእኔ ነው። አንድ ቀን ሙሉ ዝም ካልኩ በኋላ እውነቱን ጻፍኩ። ትልልቅ አቅራቢዎች ሲዘገይባቸው ለሥራ አስኪያጅ ይደውላሉና ወረቀታቸው ወደ ላይኛው ክምር ይወጣል፤ አንድ ካሜራ ወይም አንድ ኮምፒውተር ብቻ ያላቸው ግን የሚያውቁት እኔን ብቻ ነው፤ እኔም በትሕትና ነገ ይምጡ እላቸዋለሁ። ይህን ያደረግሁት በክፋት አልነበረም፤ የጥሬ ገንዘብ እጥረት ሲኖር ማን እንደሚቀድም የሚወሰነው ከእኔ በላይ ነው። ቢሆንም ነገ ይምጡ ያልኩት እኔ ነኝ። ፎቶግራፍ አንሺውን ይቅርታ ጠየቅሁ፤ የበደልኳቸው እኔ ባልሆንም የበደላቸውን ወንበር አውቀዋለሁና።

ምላሽ 16 እና 17

አሥራ ስድስተኛዋ ተከላከሉልኝ፤ አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ የድርጅትን የገንዘብ ፖሊሲ ልትቀይር አትችልም፣ ቁጣው ለሚገባው ሰው ይሁን አሉ። አመሰገንኳቸው፤ ግን በመከላከላቸው አልተጽናናሁም። አሥራ ሰባተኛው ራሳቸው ፎቶግራፍ አንሺው ናቸው። ንግግራቸውን አለዝበው ያን ጊዜ የተማሩትን ዘረዘሩልኝ፤ ከምላሾቹ ሁሉ ውስጥ በወረቀት ገልብጬ ከጠረጴዛዬ በላይ የለጠፍኩት ይህን ነው። ግማሹ ቀብድ ሳይገባ ሥራ አይጀመርም። የማሻሻያ ዙር በውሉ በቁጥር ይወሰናል፤ ከሁለት ዙር በላይ ያለው ለብቻው ይከፈላል። ለማሳያ የሚላከው ለኅትመት የማይበቃ አነስተኛ ጥራት ያለው ፋይል ነው፤ ዋናው ፋይል የሚረከበው ቀሪው ክፍያ ሲገባ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሥራውን የሚያዝዘው ሰው ክፍያውን የሚፈርመው ሰው ስላልሆነ በመጀመሪያው ስብሰባ የፈራሚውን ስምና የክፍያ ቀናቸውን መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህን የማይመልስ ደንበኛ በአምስተኛው ወርም አይመልስም ይላሉ።

ስድስቱንም የሕፃናት መጻሕፍት የሠራሁት ያለ ቀብድ መሆኑን የተናገርኩት እዚህ ላይ ነው። ደመወዝ ስለነበረኝ መጠየቅ አሳፍሮኝ ነበር። ከነዚያ መጻሕፍት የአንዱ ክፍያ እስከ ዛሬ አልተጠናቀቀም፤ ከታተመ አሥራ አራት ወር ሆኖታል።

ምላሽ 18

ፎቶግራፍ አንሺው ለሰጡኝ ትምህርት ብድሬን ለመመለስ ከውስጥ የማውቀውን ጻፍኩ። የትናንሽ ሠራተኞች ወረቀት የሚቆምባቸው ምክንያቶች ጥቂት ናቸው። በደረሰኙ ላይ ያለው ስም ከንግድ ፈቃዱና ከባንክ ሒሳቡ ስም ጋር በፊደል ሳይቀር መመሳሰል አለበት፤ አንዱ ላይ የአያት ስም ካለ ሁሉም ላይ ይኑር። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር በፕሮፎርማውም በደረሰኙም ይጻፍ። ሥራውን ያዘዘው ክፍል መረከቡን የሚያረጋግጥ አንድ ገጽ ፈርሞ ካልሰጠ ፋይሉ ወደ እኛ ቢመጣም ተመልሶ ይሄዳል፤ ስለዚህ ያችን ገጽ ባለሙያው ራሱ አዘጋጅቶ ለፊርማ ያቅርባት። ብዙ መሥሪያ ቤቶች በወሩ መጨረሻ ሳምንት ደመወዝ ስለሚያዘጋጁ ሌላ ክፍያ አይነኩም፤ ወረቀቱ ወር በገባ በመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት ቢደርስ ይፈጥናል። ይህን በጻፍኩ ጊዜ ከሃያ የሚበልጡ ሰዎች አመሰገኑኝ፤ ዘጠኝ ዓመት የሠራሁት ሥራ ለአንድ ሰው የሚጠቅም መሆኑን በግልጽ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ምላሽ 19 እና 20

አሥራ ዘጠነኛው ከአገልግሎት ክፍያ ላይ 2 በመቶ ቅድመ ግብር እንደሚያዝ፣ መለያ ቁጥር ለሌለው ሰው ግን 30 በመቶ እንደሚቆረጥ አስጠነቀቁ። ሃያኛዋ፣ በግብር አማካሪነት የሚሠሩ፣ ጠንከር ብለው አረሙ፦ እነዚህ በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የተደነገጉ ናቸው፤ አዋጁ በ2017 ስለተሻሻለ ማንም ሰው የቆየ ቁጥር ይዞ ዋጋ እንዳይተምን፣ የሚመለከተውን ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት ይጠይቅ። ያልተለወጠውን መርሕም አስረዱ፤ የተቀነሰው ገንዘብ የጠፋ አይደለም፣ ደረሰኙ በእጅ ካለ በዓመቱ መጨረሻ ከሚከፈለው ግብር ላይ ይታሰባል። ደረሰኙን ያልተቀበለ ግን ሁለት ጊዜ እንደከፈለ ይቁጠረው።

ምላሽ 21

በአሳታሚ ድርጅት ውስጥ የሚሠሩ አርታኢ ስለ ውል ጠየቁኝ፤ ለስድስቱ መጻሕፍት ምን ፈርሜያለሁ? ምንም። እንግዲያው ስሙኝ ብለው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ን አስታወሱኝ፤ ሠራተኛ በቅጥሩ ወይም ታዛዥ በአገልግሎት ውሉ መሠረት የሠራው ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ባለቤትነቱ የአሠሪው ወይም የአዛዡ ነው። የሠዓሊነት ስሜ እንዲጠቀስ የመጠየቅ መብቴ አለ፤ አሳታሚው ሥዕሎቼን በድጋሚ ኅትመት፣ በቀን መቁጠሪያና በደብተር ሽፋን ላይ ቢያወጣቸው ግን የማቀርበው የገንዘብ ጥያቄ ደካማ ይሆናል። ከሥዕሎቹ አንዱ፣ አንዲት ልጅ ከአያቷ ጋር ቡና ስትቆላ የሚያሳየው፣ የቀን መቁጠሪያ ላይ ወጥቶ በአንድ የጥርስ ሐኪም ግድግዳ ላይ አይቼዋለሁ። ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ያለ ወረቀት መሥራቴ ያሳዝነኛል፤ በአንዲት መስመር አንድ ሺህ ቅጂ ለአንድ ኅትመት ብቻ ብዬ መጻፍ እችል ነበር።

ምላሽ 22 እስከ 24

ሃያ ሁለተኛው ወደ ታላላቆቹ መለሱን። አፈወርቅ ተክሌ ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር፤ ሥዕልን መርጠው ለአፍሪካ አዳራሽ ባለቀለም መስታወት በቁ፤ ስለዚህ ጥሪ ያለው ሰው አይጠይቅ የሚል ነው ሐሳባቸው። ሃያ ሦስተኛው አልተስማሙም። አፈወርቅ ያኔ ወጣት ተማሪ ነበሩ፣ የሚለቁት ደመወዝም የሚከፍሉት ኪራይም አልነበራቸውም፤ ለእኔ የሚቀርበው ምሳሌ ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው አሉ። ሐዲስ በለንደን አምባሳደር፣ በአገር ቤት ሚኒስትር ሆነው እያገለገሉ ጽፈዋል፤ ትልቁ ልብ ወለዳቸው በ1958 ሲታተም ከመንግሥት ሥራ አልወጡም ነበር። ቢሮና ጥበብ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ ማለታቸው ነው።

ሃያ አራተኛዋ ክርክሩን ከሥሩ ነቀሉት። በሁለቱም ምሳሌ ውስጥ ምግቡን ማን እንደሚሠራ የተናገረ የለም አሉ። እርሳቸው ቢሮ ውስጥ ሳሉ አንድ ልጅ፣ ለቀው ልብስ ንድፍ ሲጀምሩ ሁለተኛ ልጅ ወልደዋል። ለመጀመሪያው በአዋጅ 1156 የተፈቀደውን 120 ቀን ደመወዛቸው ሳይቋረጥ ቤታቸው ተኙ፤ ለሁለተኛው በአሥራ ሁለተኛው ቀን መቀስ ያዙ። ልጅ ለመውለድ የምታስብ ሴት ይህን በወጪ ዝርዝሯ ውስጥ ትጻፈው አሉ። ሕክምናውንም አልዘነጉም፤ የቢሮው የሕክምና ሽፋን ሲቀር በወረዳ የሚመዘገቡበት የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን እንዳለ፣ የምዝገባው ወቅት ካለፈ ግን ዓመት መጠበቅ እንደሚመጣ ነገሩኝ። ስለ ጥሪና ስለ ጥበብ ከተጻፈው ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል።

ምላሽ 25 እና 26

ሃያ አምስተኛው ባለሙያን ከውጭ ደንበኛ ጋር በሚያገናኘው በአፕወርክ ድረ ገጽ የሚሠራ ወጣት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በዶላር የሚከፈለው ሰው በብር የሚያገኘው በእጥፍ አድጓልና ለአገር ውስጥ አሳታሚዎች ጊዜሽን አታባክኚ አለኝ። ሃያ ስድስተኛዋ የዚያኑ መንገድ ሌላ ገጽ አሳዩ፤ በሰኔ 2012 መጨረሻ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ሲቋረጥ የጀመሩት ሥራ በሙሉ በማስረከቢያ ቀኑ ባለመድረሱ ሁለት የቆዩ ደንበኞቻቸው ተሰናብተዋቸዋል። ሁለቱም ልክ ናቸው። እኔ ግን የምሥለው በአማርኛ ለሚያነቡ ሕፃናት ነው፤ ከቢሮ የምወጣውም ለዚሁ ነው።

ምላሽ 27 እስከ 29

ሃያ ሰባተኛዋ ዘጠኝ ዓመት ከአራት ወር የሚለውን ያስተዋሉ የመጀመሪያዋ ሰው ናቸው። በግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሥርዓት ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣል፤ በ60 ዓመት የዘለቄታ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል። ስምንት ወር ቀርቶሽ እንዴት ትለቂያለሽ ብለው እንደ ታላቅ እህት ተቆጡኝ። ሃያ ስምንተኛው ያ የ27 ዓመት ወጣት ነው፤ ቢሮ ሰውን የሚያስቀረው እንዲህ እያደረገ ነው፣ ዛሬ አሥር ዓመት ይሙላ ይባላል፣ ነገ የእርከን ጭማሪ ይመጣል፣ ከዚያ ብድር ይፈቀዳል ብሎ ጻፈ፤ በዚህኛው ምላሹ ተሳስቷል ማለት አልችልም። ሃያ ዘጠነኛው ጠበቃው ናቸው። ሁለቱንም አረጋጉ፤ አገልግሎት ከአሠሪ አሠሪ ይደመራል፣ ስለዚህ የቀሩት ስምንት ወራት እዚሁ ወንበር ላይ ካልሆነ የሚጠፉ አይደሉም፤ ወደፊት በማናቸውም ሕጋዊ ቅጥር ሊሞሉ ይችላሉ። ነገር ግን ሲለቁ አሠሪው የሚያዋጣው 11 በመቶ ለዚያ ጊዜ እንደሚቀር ማወቅ ይገባል አሉ።

ምላሽ 30 እስከ 32

ሠላሳኛዋ የሠርግ ጥሪ ካርድ እሠራ እንደሆነ፣ ዋጋዬም ስንት እንደሆነ ጠየቁ። ሠላሳ አንደኛው ይህ የገበያ ቦታ አይደለም ብለው ገሠጿቸው። በአሳታሚ ድርጅት የሚሠሩት አርታኢ በሠላሳ ሁለተኛው ላይ ጣልቃ ገብተው ጥያቄው ከጉዳያችን አልወጣም፣ አንድ ሰው ሥራ ሲጠይቅ ምን እንደምትመልስ እዚሁ እንይ አሉ። መለስኩ፤ ዋጋዬን፣ ሁለት የማሻሻያ ዙር እንዳለው፣ ግማሹም በቀብድ እንደሚከፈል። ጠያቂዋ በማግስቱ ቀብዱን በቴሌብር ላኩ። ከሥዕል ሥራዬ በቅድሚያ የተከፈለኝ የመጀመሪያው ገንዘብ ይህ ነው።

ምላሽ 33

ለሁላችሁም የምጽፈው የመጨረሻ ምላሼ ነው። ስንት ወር የሚበቃ ገንዘብ ያስፈልጋል ብዬ ጀመርኩ፤ በእጄ ያለው እንደ መጀመሪያዋ መላሽ አቆጣጠር የሰባት ወር ወጪ ነው፤ እቁቤም በታኅሣሥ ይደርሰኛል። እስካሁን ያስቀረኝ የወሮቹ ቁጥር እንዳልነበረ ግን አሁን ገባኝ። ገንዘቤን መጠየቅ አልችልም ነበር። በዚህ ሳምንት አብረውኝ ለሚሠሩ ሦስት አሳታሚዎች የቀብድና የአንድ ኅትመት ውል ረቂቅ ላክሁ፤ ሁለቱ ተቀበሉ፤ አንዱ እምቢ አሉ፤ እምቢ ያሉት የአሥራ አራት ወሩን ቀሪ ያልከፈሉኝ ናቸው። ለወንድሜና ለጎረቤታችን ልጅ ስለ ዋስትናው ነግሬያለሁ፤ ወንድሜ ሌላ ዋስ አግኝቷል፣ ልጅቷ ገና እየፈለገች ስለሆነ እስክታገኝ እጠብቃታለሁ። የ30 ቀን ማስጠንቀቂያዬን ጥር 1 ላስገባ ወስኛለሁ።

ፎቶግራፍ አንሺው ለጠየቁኝ የመሳቢያ ጥያቄም መልስ አለኝ። ማክሰኞ ዕለት ቆልፌበት የኖርኩትን መሳቢያ ከፍቼ የትናንሽ አቅራቢዎችን ያልተከፈለ ወረቀት ቆጠርኩ፤ አሥራ አንድ ነው። በጣም የቆየው የአንድ የካርታ ሠሪ ሲሆን ስድስት ወር ከግማሽ ሆኖታል። ሁሉንም በቀናቸው ደርድሬ፣ በእያንዳንዱ ላይ ለምን እንደቆመ አንዳንድ መስመር ጽፌ ለአለቃዬ አቀረብኩ። ዝርዝሩን ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ምንም አላሉም። ትናንት ከሰዓት በኋላ አራቱ ተፈርመው መጡ፤ ለባለቤቶቹም የደወልኩላቸው እኔው ነኝ።